ዕውቀት ወደ ቅድስና ሲመራ



ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ በ2019 እ.ኤ.አ. እንግሊዛዊውን ሊቅና ደራሲ ካርዲናል ጆን ሄንሪ ኒውማንን ቅዱስ ብለው አወጁ፤ በ2025 እ.ኤ.አ. ደግሞ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮን 14ኛ የቤተክርስቲያን ሊቅ ብለው ሰየሙት። ታዲያ ቤተክርስቲያን ያከበረችው መጻሕፍቱን ብቻ ነውን? አይደለም። ብዙ የጻፉ ሁሉ ቅዱሳን አልተባሉም፤ አንዲት መስመር ሳይጽፉ የተቀደሱም አሉ።

ኒውማን በኦክስፎርድ የታወቀ መምህርና የአንግሊካን ካህን ነበር። የጥንት አበውን መጻሕፍት በመረመረ ቁጥር ግን ሕሊናው ወደ ሌላ በር ይመራው ጀመር። በ1845 እ.ኤ.አ.፣ በ44 ዓመቱ፣ ወደ ካቶሊካዊት ቤተክርስቲያን ገባ። ዋጋው ቀላል አልነበረም፤ የሚወዳትን ኦክስፎርድን ተወ፣ የብዙ ዘመን ወዳጆቹም ተለዩት። በገባበት ቤት እንኳ በጥርጣሬ የተመለከቱት ነበሩ። እርሱ ግን በያዘው እውነት ጸና። በ1849 እ.ኤ.አ. በቢልስተን ከተማ ኮሌራ በገባ ጊዜም ብዕሩን አኑሮ ሕሙማንን ለማገልገል ሄደ።

እኔ በዘርዐ ክህነት ሳለሁ ፈተና ማለፍን እንደ ማመን የቆጠርሁበት ጊዜ ነበር። ዛሬም በመንበረ ስብከት ቆሜ ያ ፈተና ይመለስብኛል። እንግዲህ አብረን እንጠይቅ፦ ለሕፃናት የምናስተምረው ቃል እኛን ራሳችንን ምን አስከፍሎናል? ቂምን መተው፣ የታመመ ጎረቤትን መጠየቅ፣ ጥቅምን ስለ እውነት ማጣት? ምንም ካላስከፈለን፣ ቃሉን በቃላችን አጠናነው እንጂ ገና አልተማርነውም።

የቅዱስ ጆን ሄንሪ ኒውማን ጸሎት ከሁላችን ጋር ይሁን። አሜን።