ስም ያልወጣለት ሕመም

ሰው «አመመኝ» ሲል ማመን ያለብን መቼ ነው? ሐኪም የሕመሙን ስም ጽፎ ከሰጠው በኋላ ነው ወይስ ቃሉ ገና ከአፉ እንደወጣ? ጥያቄዋ ቀላል ትመስላለች። እኛም ቀላል መስላን ነበር፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጡ ልብሳችንን የሚያጥቡልን እናት ሥራቸውን አቋርጠው ከቧንቧው አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው እስክናያቸው ድረስ።

«ከዚህ ይነሳል» አሉን እትዬ፣ እጃቸውን ከጡታቸው በታች አድርገው። «ከዚያ እንደ መቀነት ዞሮ ወገቤን ጠፍሮ ይይዘኛል።»

እኛ በአንድ ክፍል የምንኖር ስድስት ተማሪዎች ነን፤ የስድስታችንም ሸሚዝ የሚነጣው በእሳቸው እጅ ነው። ሁላችንም ለሕመሙ አንዳንድ ስም አወጣንለት። አንዱ ጨጓራ ነው፣ ተልባ ይጠጡ አለ። ሌላው ኩላሊት ነው አለ (መቼስ በእኛ አገር ወገቡን የያዘ ሁሉ ኩላሊቱ ነው)። ዘበኛው ደግሞ መጋኛ ነው፣ ጠበል ነው የሚያወጣው አሉ። ምክር ምን ችግር አለው፣ ያለ ካርድ ይሰጣል።

ጤና ጣቢያ ሄዱ። ለካርድ ተከፈለ፤ ለሽንትና ለሰገራ ምርመራ ተከፈለ። ውጤቱ «ምንም የለም» ሆነ። እስቲ ይህችን ቃል እንመርምራት። ላቦራቶሪው «ምንም የለም» ሲል «የፈለግሁት ነገር እዚህ ብልቃጥ ውስጥ የለም» ማለቱ ነው። እትዬ ግን የሰሙት «ሕመም የለብሽም» የሚለውን ነው። እኛም የሰማነው ያንኑ ነው። እውነት እንናገር ከተባለ ደስም ብሎን ነበር፤ ሸሚዛችን በወቅቱ ሊታጠብ ነዋ!

ሆድንና ጀርባን አንድ ላይ የሚይዝ ሕመም ለተማረ ሐኪምም ቢሆን አስቸጋሪ ነው። ከሆድ ዕቃ የሚነሱት ነርቮችና ከጀርባ ቆዳና ጡንቻ የሚነሱት ነርቮች ወደ ሕብለ ሰረሰር የሚገቡት በአንድ በር ስለሆነ አንጎል ጩኸቱ ከየት እንደመጣ አጥርቶ አይለይም። የጨጓራ ቁስል፣ የሐሞት ጠጠር፣ የቆሽት ብግነት፣ የኩላሊት ጠጠር፣ አከርካሪ ውስጥ የገባ ነቀርሳ፣ ሁሉም በዚያው መቀነት ሊመጡ ይችላሉ። አንዱን ከሌላው ለመለየት መመርመር ያስፈልጋል፤ ለመመርመር ደግሞ መክፈል። እንግዲህ መድን የሌለው ሰው ሳይማር ሐኪም ሊሆን ነው። ዛሬ ደሜን ልስጥ ወይስ አልትራሳውንድ ልነሳ እያለ፣ የትኛው የአካሉ ክፍል መታየት እንዳለበት በኪሱ ልክ ይመርጣል።

በመንግሥት ጤና ተቋማት የነቀርሳ መድኃኒት በነፃ ይሰጣል፤ የወሊድ አገልግሎትም እንዲሁ። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ አናቃልለውም። ነገር ግን ነፃ የሆነው ስም ላለው ሕመም ነው። ነቀርሳ መሆኑ የታወቀለት ሰው መድኃኒቱን ያገኛል፤ እስከዚያ ስም ድረስ የሚያደርሰው መንገድ ግን ሁልጊዜ ነፃ አይደለም።

መድን የለም እንዳይባል አለ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀምሮ ዛሬ አብዛኛዎቹን የአገሪቱን ወረዳዎች አዳርሷል። አባል የሚሆነው ቤተሰቡ ነው፤ መዋጮው በዓመት አንዴ ይከፈላል፤ መክፈል ለማይችለው ድኃ መንግሥት ይከፍልለታል። የእትዬ ስምም ደቡብ ጎንደር ውስጥ በአንድ የቤተሰብ ደብተር ላይ ሰፍሯል። ሕክምናው የሚጀምረው ግን እዚያው ከተመዘገቡበት ጤና ጣቢያ ነው። እዚህ እንዳይመዘገቡ የቀበሌ መታወቂያ የላቸውም። መታወቂያው መሸኛ ይፈልጋል፣ መሸኛው አገር ቤት መሄድን ይፈልጋል፣ መሄዱ የአውቶቡስ ገንዘብ ይፈልጋል፤ ገንዘቡን ለማግኘት ልብስ ማጠብ፣ ልብስ ለማጠብ ደግሞ ጤና። ለመሆኑ ይህን ክብ የሠራው ማን ነው? አንድ ክፉ ሰው ተቀምጦ አልሠራውም። ለዚያ ነው የምንቆጣበት ሰው ያጣነው።

ሆስፒታል ሄደው አልትራሳውንድ እንዲነሱ ተጻፈላቸው። ያን ዕለት ማታ ክፍላችን ውስጥ እናዋጣ የሚል ሐሳብ ተነሳ። ከመካከላችን አንዱ፣ ክፉ ልጅ አይደለም፣ «ምን እንደሆነ ሳይታወቅ ስንት ነው የምናዋጣው? ምንም ባይሆንስ?» አለ። ሌሎቻችን ዝም አልን። እኛም ያንኑ ስናስብ ነበር እሱ የቀደመን። አምና ለአንድ ጓደኛችን የዓይን ቀዶ ሕክምና ስናዋጣ ግን እንዲህ ብሎ የጠየቀ አልነበረም፤ ወረቀቱ ላይ ስሙ በግልጽ ተጽፎ ነበርና።

ክርክሩን ንቀን አናልፈውም። የተማሪ ብር ትንሽ ናት፤ ከምትጠቅምበት ቦታ ብትውል ይሻላል። ሕመምን ሰበብ አድርጎ የሚለምን ሰውም አይጠፋም። ይሁን እንጂ ነገሩን ከሥሩ እንየው። ርዳታችን ከስም በኋላ የሚመጣ ከሆነ ስሙን የሚገዛው ማን ነው? ያመመው ሰው ራሱ። ስለዚህ ጨለማው ውስጥ ብቻውን ይሄድና መብራት ካገኘ በኋላ እንከተለዋለን ማለት ነው። ደግሞስ ተመርምሮ «ከባድ ነገር አይደለም» መባል ምን ያህል ሌሊት እንደሚያስተኛ ያላመመው ሰው አያውቀውም።

እትዬ እድርተኛ ናቸው። በየወሩ ይከፍላሉ። ቢሞቱ ድንኳኑ በሰዓቱ ይተከላል፣ ወንበርና ብረት ድስት ይመጣል፣ ንፍሮው ይቀቀላል፤ ምን ገደላቸው ብሎ ወረቀት የሚጠይቅ የለም። ይህን ስንነግራቸው ሳቁና «ሞት ይሻላላ፣ ልጆቼ! እሱን ሁሉም ያምነዋል» አሉን። አብረን ሳቅን፤ በኋላ ግን አሳፈረን። እድር ገንዘቡን የሚሰበስበው ማን መቼ እንደሚሞት ሳያውቅ ነው። ለሞት ይህን ያህል የተማመነ ሕዝብ በቁም ላለው ሰው ሲሆን ማስረጃ የሚጠይቀው ለምንድን ነው?

የኢዮብን ታሪክ የማያውቅ የለም። ሦስቱ ወዳጆቹ መጥተው ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አብረውት መሬት ላይ ተቀመጡ፤ አንዲት ቃል አልተናገሩትም። እስከዚያ ድረስ ከእነሱ የተሻለ ወዳጅ አልነበረም። የተበላሹት አፋቸውን ከፍተው ለመከራው ምክንያት መፈለግ ሲጀምሩ ነው። ያ ሳምራዊ ደግሞ ለእንግዶች ማደሪያው ጠባቂ ሁለት ዲናር ሰጥቶት፣ ከዚያ በላይ የሚወጣውን ስመለስ እከፍልሃለሁ አለው። ስንት እንደሚሆን አላወቀም። በእኛ አስተያየት መድን የሚባለው ነገር በመሠረቱ ይኸው ነው፤ ሒሳቡ ሳይታወቅ የሚገባ ቃል።

ነገሩን የፈታው ክርክራችን አይደለም። ከግቢው በር ላይ ቆሎ የሚሸጡ አንዲት ሴት አሉ፤ ከእትዬ ጋር እቁብ ይጥላሉ። የዚያ ሳምንት ዕጣ የወጣው ለእሳቸው ነበር፤ ለልጃቸው ዩኒፎርም አስበውታል። «እኔ በአንቺ ተራ እወስዳለሁ፣ አንቺ ውሰጂው» ብለው ለቀቁላቸው። ምን እንዳመማቸው አልጠየቁም። የጠየቁት «መቼ ነው የምትሄጂው? አብሬሽ ልሂድ» የሚለውን ብቻ ነው።

የሐሞት ጠጠር ነው ተባለ። በማግስቱ እኛም አዋጣን፤ ከስድስታችን 900 ብር ሞላ። ያ «ምንም ባይሆንስ?» ያለው ጓደኛችን ከሁላችን አብልጦ ሰጠ። እትዬ ገንዘቡን ተቀብለው ቆመው መረቁን፤ እኛ «አሜን» ስንል መሬት መሬት እናይ ነበር።

አሁን የቀዶ ሕክምና ተራ እየጠበቁ ነው። ቆሎ ሻጯ ልጃቸውን በአምናው ዩኒፎርም ልከውታል፤ ክንዱ አጥሮታል። እኛም ሸሚዞቻችንን ራሳችን እናጥባለን፤ አንገትጌው ግን አልነጣ ብሎናል።