የማይዝገው ሲዝግ

አንድን ነገር «አይበላሽም» ስንል ስለ ባሕርዩ ነው ወይስ ስላለበት ሁኔታ የምንናገረው? በሰሜን ባሕር የነዳጅ መድረኮች ላይ የባሕር ውኃ የሚያስተላልፉት ቧንቧዎች ለዚህ ጥያቄ ጥሩ ማስረጃ ናቸው። አይዝጌ ብረትን የሚጠብቀው ክሮሚየሙ ከኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ የሚሠራው፣ ውፍረቱ ጥቂት ናኖሜትር ብቻ የሆነ ሽፋን ነው። ሽፋኑ ቢጫርም ኦክስጅን እስካገኘ ድረስ ራሱን ይጠግናል። ፍላንጅ (የቧንቧ መጋጠሚያ ጠርዝ) እና ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) በሚገናኙበት ጠባብ ክፍተት ውስጥ ግን የታሰረው ውኃ ኦክስጅኑ ያልቃል፤ ክሎራይድ ይከማቻል፤ አሲድነቱ ይጨምራል፤ ብረቱም ከውጭ እያብረቀረቀ ከውስጥ ይበላል። ስለዚህ አለመዛግ አንዴ ተገኝቶ የሚቀመጥ ሀብት ሳይሆን በየቅጽበቱ የሚታደስ ሥራ ነው እላለሁ፤ የሰው ልብ ንጽሕናም እንዲሁ።

«ጥፋቱ የቅይጡ ነው» የሚል ይኖራል። እውነት አለው፤ 316 የተባለው ተራ አይዝጌ ብረት በሚወድቅበት ቦታ 6 በመቶ ገደማ ሞሊብዲነም ያለው ቅይጥ ይጸናል፤ ቲታኒየም ደግሞ ከሁለቱም ይበልጣል። ሆኖም የኖርዌይ ደረጃ የሆነው ኖርሶክ ለዚሁ 6 በመቶ ሞሊብዲነም ላለው ቅይጥ እንኳ፣ ክሎሪን በገባበት ውኃና ክፍተት ባለበት መጋጠሚያ፣ የ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ወሰን አበጅቶለታል። ክሎሪኑ የሚጨመረው (ይህን ልብ ይሏል) የባሕር ሕያዋን እንዳይባዙበት ቧንቧውን ለማጽዳት ነው፤ ማጽጃው ራሱ ግን ብረቱን ለዝገት ያጋልጠዋል።

ብርቱው ተቃውሞ ሌላ ነው፦ ብረት አይመርጥም፣ ሰው ይመርጣል። ልዩነቱን እቀበላለሁ። ነገር ግን ምርጫ ኃላፊነትን ይጨምራል እንጂ ከሁኔታ ነጻ አያወጣም። የቤተ ክርስቲያን አበው ጸሎትን በቀን ሰባት ጊዜ የከፋፈሉት፣ አንዴ የነጻ ልብ ሳይታደስ ነጽቶ ይኖራል ብለው ስላላመኑ ይመስለኛል።