የማየት ግዴታ

ሰው ዐይን ስላለው ብቻ ያያል ማለት አይቻልም። ብዙ ጊዜ የምናየው ስለ ነገሩ አስቀድሞ በልባችን ያለውን ነው። ይህን ስሕተት የሚገልጥ ቀላል መሣሪያ እርሳስ ነው፤ ዐይን በሚገባ ያላየውን እጅ ሊሥለው አይችልምና።

ፈረንሳዊው ሠዓሊ ኤዠን ደላክሯ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1832 ዓ.ም. ወደ ሞሮኮ በተጓዘ ጊዜ የሰዉን ልብስ፥ የቤቱን ቅርጽና የፈረሱን ሩጫ በትንንሽ ደብተሮች እየነደፈ ሰበሰበ። የጥቂት ወራት ጉዞ በ1863 ዓ.ም. እስኪሞት ድረስ ለሥዕሎቹ ስንቅ ሆነው። በመንገድ የፈጠነለት እጅ ግን አስቀድሞ በቤት የለመደ እጅ ነበር።

እኔም ደብተር የምይዘው በጉዞ ጊዜ ብቻ ነበር፤ የላሊበላን ዐለትና የጣናን ታንኳ ነድፌአለሁ። እናቴ ካረፈች በኋላ ግን ቡና ስትቀዳ የነበሩትን እጆቿን ልሥል ብቀመጥ፥ አውራ ጣቷ በጀበናው እጀታ ላይ እንዴት ያርፍ እንደ ነበረ ማስታወስ አቃተኝ። ስንት ሺሕ ጊዜ በፊቴ ነበሩ፤ አንድ ቀን እንኳ አላየኋቸውም።

«ፎቶግራፍ አለ አይደለም ወይ?» የሚለኝ ወዳጅ አለ። እውነት ነው፥ ፎቶግራፍ መልክን ይጠብቃል፤ ተመልካቹን ግን ቈይቶ እንዲመለከት አያስገድደውም።

እንግዲህ የሩቁን መመልከት ደስታ ከሆነ፥ የቅርቡን መመልከት ግዴታ ነው እላለሁ። ዛሬ በየማታው ሩብ ሰዓት ያህል ከቤተ ሰቤ አንዱን እነድፋለሁ። ሥዕሉ ያምር እንደ ሆነ አልመረምርም፤ ዛሬ ማንን አየሁ ብዬ ግን ራሴን እጠይቃለሁ።