በሰው ሀገር ማዕድ፦ ወደ ጀርመን ለትምህርት ለሚሄዱ ወጣቶች

ልጆቼ፣ ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ጀርመን በምትሄዱበት ጊዜ እናቶቻችሁ በርበሬውንና ሽሮውን፣ ድርቆሹንና በሶውን በሻንጣችሁ አጭቀው እንደሚሰዱአችሁ ዐውቃለሁ፤ ይህንንም አልነቅፍም፤ ብርዱ በጠናበትና ናፍቆቱ በበረታበት ምሽት አንድ ድስት ሽሮ ከብዙ ቃል ይልቅ ልብን ያጽናናልና። ነገር ግን ስንቁ እስኪያልቅ ድረስ በክፍሉ ተዘግቶ፣ ባለቀበትም ጊዜ ከሀገር ቤት ሌላ እስኪላክለት እየጠበቀ፣ የዚያን ሕዝብ ማዕድ ሳይቀምስ ዓመታቱን ፈጽሞ የሚመለስ ተማሪ፣ ዲፕሎማውን ቢይዝም እንኳ የኖረበትን ሀገር አወቀ ለማለት አልደፍርም።

ከሁሉ አስቀድማችሁ ዳቦውን ልመዱ። ራይ ከሚባለው እህል ተፈጭቶ፣ ከአንዱ ቡኮ ለሌላው እየተረፈ በሚቆይ እርሾ የሚጋገረው ጥቁር ዳቦ፣ በመጀመሪያው ጉርሻ ክብደቱና ኮምጣጣነቱ ያስደነግጣል፤ ሆኖም በእንጀራ ላደገ ምላስ እርሾ የነካው መብል እንዴት ባዕድ ይሆንበታል? በጨው ታሽቶ የሚብላላው ጥቅል ጎመን፣ ሳወርክራውት የሚሉት፣ እንዲሁ ነው፤ ደጋግሞ የቀመሰው ይወደዋል። በፀደይ ወራት ነጩ ሽፓርግል ወደ ገበያ ሲወጣ ሕዝቡ ሁሉ እንደ በዓል ይቀበለዋል፣ አዝመራውም በልማድ ሰኔ 24 ቀን በእነርሱ አቈጣጠር፣ በመጥምቁ ዮሐንስ ልደት ዕለት፣ ያበቃልና ወቅቱ ሳያልፍ ቅመሱት።

ጥንቃቄ የሚሻ ነገርም አለ። በሀገራችን ክርስቲያኑም ሙስሊሙም የእሪያ ሥጋ በልማዱ የማይበላ ሲሆን፣ በጀርመን ገበታ ግን ከሥጋ ሁሉ አብልጦ የሚቀርበው እርሱ ነው። ቋሊማው በአብዛኛው ከእርሱ ይሠራል፤ ምስር ነው ብላችሁ ያለ ስጋት የምትቀርቡት ሾርባ እንኳ ብዙ ጊዜ ሽፔክ የሚባለው በጢስ የደረቀ ስብ ተከትፎ ይገባበታል፤ ጎመኑም በእርሱ ስብ ሊቀቀል ይችላል። ስለዚህ ሽቫይን የምትለዋን ቃል ከሰላምታው ጋር አብራችሁ አጥኑ፣ ከመብላታችሁም በፊት ጠይቁ፤ መጠየቅ በዚያ ሀገር ነውር አይደለም፣ እንዲያውም ስለ ምግቡ የተጠየቀ ጀርመናዊ እስከ ጨው መጠኑ ድረስ ሳይተርክላችሁ አይለቃችሁም።

የጾሙ ነገር እንደሚፈራው አይደለም። ሜንዛ በሚባለው የዩኒቨርሲቲ መመገቢያ አዳራሽ ለተማሪ በተቀነሰ ዋጋ ከሚቀርቡት ምግቦች መካከል፣ በአብዛኛው ቪጋን የሚል ምልክት ያለበት አይጠፋም፤ ይህም ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል የሌለበት ስለ ሆነ ለጾመኛ ይስማማል። ቬጀታሪያን የሚለው ግን አይብና እንቁላል ሊኖርበት ስለሚችል ሁለቱን አታምታቱ። ችግሩ ሰዓቱ ላይ ነው፦ የምሳው አገልግሎት ብዙውን ጊዜ በ8 ሰዓት ገደማ ያበቃል፣ በዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት የሚቆይ ሰው ደግሞ የሚደርሰው በሩ ከተዘጋ በኋላ ነውና፣ መያዣ ይዞ ሄዶ ድርሻውን አስቀድሞ ቢቀበል ይበጀዋል።

ጾመኛ መሆናችሁንም አትደብቁ፤ የዚያ ሕዝብ ማዕድ ራሱ የጾም ትዝታ የሞላበት ነው። የድሬስደን ከተማ የምትታወቅበት ሽቶለን የተባለው የገና ዳቦ በጥንት ዘመን ያለ ቅቤ የሚጋገር የጾም ዳቦ ነበር፤ የሳክሶኒ መሳፍንት ዘይት ማግኘት ቸግሮናል ብለው ሮምን ስለ ለመኑ፣ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ኢኖሰንት 8ኛ እ.ኤ.አ. በ1491 በቅቤ እንዲጠቀሙ በደብዳቤ ፈቀዱላቸው። በሽቫበን አውራጃ ደግሞ ማውልታሸን የሚባል፣ ሥጋና ቅጠል በሊጥ ተሸፍኖ የሚቀቀል ምግብ አለ፤ መነኮሳት በዐቢይ ጾም ሥጋውን ከእግዚአብሔር ዐይን ለመሸሸግ የፈጠሩት ነው እያሉ ሀገሬዎቹ ይሥቃሉ። (እግዚአብሔር በሊጥ ይታለል እንደሆነ ለነገረ መለኮት ሊቃውንት እተወዋለሁ።) እንዲህ ያለውን ጨዋታ ከሚያጫውቷችሁ ሰዎች ጋር ስለ ሁዳዴና ስለ አክፍሎት ብታወሩ፣ ጆሮ የሚነፍጋችሁ አይኖርም።

አሁን ደግሞ ብዙ የሀገራችንን ልጆች ወዳሳዘነው ነገር ልምጣ። አንድ ጀርመናዊ ወዳጅ ለራት ቢጠራችሁ፣ በተባለው ሰዓት በትክክል ደርሳችሁ የምታገኙት ምናልባት የፈላ ድስት ሳይሆን በእንጨት ሰሌዳ ላይ የተቈረጠ ዳቦ፣ ቅቤ፣ ሁለት ሦስት ዐይነት አይብ፣ ቀዝቃዛ ሥጋና በኮምጣጤ የተቀመጠ ኪያር ይሆናል፤ እያንዳንዱም ለራሱ ቀብቶ፣ ለራሱ ደርቦ ይበላል። ናቁኝ አትበሉ፤ በልማዳቸው ትኩሱ ምግብ የቀትር ነው፣ ማታ በዳቦው ዙሪያ ቤተ ሰቡ ተሰብስቦ ውሎውን ይጫወታል፣ ወደዚያ ክበብ መጠራትም ከታላቅ ግብዣ አያንስም።

ከዚህ የሚብሰው ይሉኝታችን ነው። እኛ ብላ ስንባል በልቻለሁ እንላለን፣ በሞቴ፣ አፈር ስሆን እስክንባል እንጠብቃለን፤ ጀርመናዊው ግን አንድ ጊዜ ጠይቆ ‹‹አይ፣ አመሰግናለሁ›› ካላችሁት ቃላችሁን አክብሮ ሳህኑን ያነሣዋል፣ እናንተም እየራባችሁ ወደ ቤታችሁ ትሄዳላችሁ። ስለዚህ ቢርባችሁ አዎን በሉ፣ ቢያምራችሁም ጨምሩልኝ በሉ፤ ባለቤቲቱ በዚህ ደስ ይላታል እንጂ ስግብግብ አትላችሁም።

በተራችሁም ጥሩአቸው። እሑድ ሱቅ ሁሉ ዝግ ነውና ሽንኩርቱንና ዶሮውን ቅዳሜ ገዝታችሁ፣ በርበሬውን ከሀገር ቤት ልክ ቀንሳችሁ፣ ወጡን ሠርታችሁ አቅርቡላቸው፤ አንድ ጉርሻም አጉርሱአቸው። ከዚያ በኋላ ግን በሞቴ እያላችሁ አታስጨንቁአቸው፤ ጠገብሁ ያላችሁን ጀርመናዊ እመኑት፣ በእውነት ጠግቦአል።