አንደበትና ራዲዮ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ከሰንበት ትምህርት ቤታችን የደብረ ሊባኖስ ጉዞ ስንመለስ በአውቶቡሱ ውስጥ የሆነውን ብዙዎቻችን እናስታውሳለን። መዝሙሩ በረድ ሲል ሾፌሩ ራዲዮ ከፈተ። አንድ የቆየ ዘፈን መጣ፤ ዜማው ልብ የሚስብ ነው፤ በግጥሙ መካከል ግን ሸማኔንና ሸክላ ሠሪን የሚያንቋሽሽ ቃል አለበት። ከኋላ ወንበር የነበርነው፣ አንድ መዝሙር ለማጥናት ስንት ሳምንት የሚፈጅብን ሰዎች፣ ያንን ስንኝ አንዲት ቃል ሳናስት ተቀበልነው፤ ሳቅንም። በመስኮቱ በኩል የተቀመጠች አንዲት እኅታችን ግን ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አድርጋ ዝም አለች። አባቷ ሸማኔ መሆናቸውን እናውቅ ነበር። የለበስነው ነጠላ ከማን እጅ እንደ ወጣ በዚያች ሰዓት ያሰበ ግን አልነበረም።

በሚቀጥለው እሑድ ክርክር ተነሣ። እኩሌቶቻችን «እንዲህ ያለ ዘፈን ከራዲዮ ይታገድ፤ ለሚመለከተው ክፍል ደብዳቤ እንጻፍ» አልን። የቀረነው ደግሞ «ዛሬ ይህን ያገደ ነገ ያልወደደውን ሁሉ ያግዳል» ብለን ተቃወምን። ይህ ሥጋት በአገራችን ከባዶ የመጣ አይደለም። በደርግ ዘመን የዘፈን ግጥም በሳንሱር እጅ ያልፍ እንደ ነበረ ወላጆቻችን ያውቃሉ፤ የሚቆረጠውም ስድብ ብቻ አልነበረም። በ1987 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 29 ቅድመ ምርመራን ከልክሏል። ያው አንቀጽ ግን የወጣቶችን ደኅንነትና የሰውን ክብርና መልካም ስም ለመጠበቅ በሕግ ገደብ ሊደረግ እንደሚችል ይናገራል። እንግዲህ ሁለቱም ወገን አንድ አንቀጽ ይዞ መከራከር ይችል ነበር፤ ተከራከርንም፤ ሰዓቱም አለፈ።

ሕግ የሚማር አንድ ወንድማችን በካናዳ የተፈጸመ ነገር አጥንቶ መጣ። ዳየር ስትሬትስ የተባለው የእንግሊዝ የሙዚቃ ቡድን እ.ኤ.አ. በ1985 «መኒ ፎር ናሲንግ» የሚባል ዘፈን አወጣ። ማርክ ኖፕፍለር ዘፈኑን ሲጽፍ፣ በኒው ዮርክ በአንድ የቤት ዕቃ መደብር ያለ ሠራተኛ ቴሌቪዥን እያየ ሙዚቀኞችን ሲያማ የሰማውን አነጋገር በዚያው ሠራተኛ አፍ አስቀመጠው። ከንግግሩም መካከል ተመሳሳይ ጾታን የሚያፈቅሩ ሰዎችን የሚያዋርድ ስድብ ይገኛል። ዘፈኑ ሃያ አምስት ዓመት ያህል ሲሰማ ከኖረ በኋላ በ2010 በኒውፋውንድላንድ፣ በሴንት ጆንስ ከተማ፣ ከአንድ አድማጭ አቤቱታ ቀረበ። የግል ጣቢያዎች ራሳቸው ያቋቋሙት የስርጭት ደረጃዎች ምክር ቤትም በ2011 መጀመሪያ፣ ያ ቃል ካልወጣለት ዘፈኑ በራዲዮ እንዳይሰማ ወሰነ። በዚህ የተቆጡ ጣቢያዎች በሃሊፋክስና በኤድመንተን ያንኑ ዘፈን አንድ ሰዓት ሙሉ እየደጋገሙ አሰሙ። የመንግሥቱ ተቆጣጣሪ ኮሚሽን ነገሩ እንደገና እንዲታይ ጠየቀ። በዚያው ዓመት በኦገስት መጨረሻ ምክር ቤቱ ውሳኔውን አነሣ፤ ቃሉ ያልተገባ መሆኑን ሳይክድ፣ የተነገረበትን ሁኔታ ተመልክቶ፣ ማሰማቱንም መተዉንም ለየጣቢያዎቹ ተወው።

እዚህ ላይ «እነዚያን መስደብ ምን ክፋት አለው?» ያለ ነበረ። ቤተ ክርስቲያናችን ስለ ድርጊቱ ያላት ትምህርት የታወቀ ነው፤ ሰውን ለመስደብ ፈቃድ የሚሰጥ ትምህርት ግን ከየትኛው መምህር እንደ ሰማ ሊነግረን አልቻለም።

የነጻነት ወገን የሆንነው በካናዳው ፍርድ ደስ አለን። ከመጽሐፍም ማስረጃ አመጣን። ራፋስቂስ በኢየሩሳሌም ቅጥር ሥር ቆሞ የተናገረው ነውረኛ ቃል በመጽሐፈ ነገሥት ተጽፎ ይገኛል፤ የጻፈው ቅዱስ ጸሐፊ አልፋቀውም፤ ተናጋሪው ማን እንደ ሆነ በገዛ አፉ እንዲታወቅ ተወው። ሳሚም ንጉሥ ዳዊት ከልጁ ከአቤሴሎም ሲሸሽ ድንጋይ እየወረወረ ረገመው፤ አቢሳ ራሱን ልቍረጠው ሲል ዳዊት ከለከለ፤ ይርገም ተዉት አለ። «ይኸውላችሁ» አልን፤ «ዳዊት እንኳ ተሳዳቢውን ዝም አላሰኘም።»

አስተማሪያችን ግን ዝም ብለው ሲያዳምጡ ቆይተው አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁን። «ተዉት ያለው ማን ነው?»

ዳዊት ነው። የተሰደበው እርሱ ነው። ድንጋዩ ያረፈው በእርሱ ላይ ነበርና መተውም የእርሱ ፈንታ ነበር። ከመንገድ ዳር የቆመ ተመልካች መጥቶ «ንጉሥ ሆይ፣ መሰደብህን ቻለው፤ የመናገር ነጻነት ነው» አላለውም። እኛ ግን በአውቶቡሱ ውስጥ ያልነው ይህንኑ ነው፤ እንዲያውም ከዚህ የከፋ ነው፤ ሳሚን በዜማ አጅበነዋል። ነጻነትን ስንሟገት ያልተነካ ሰው ሆነን ነው የተሟገትነው፤ ለእገዳ ስንሟገትም የአቢሳ ቁጣ ነው የያዘን፤ በሁለቱም በኩል እርሷን የጠየቀ አልነበረም። ሐዋርያው ያዕቆብም በመልእክቱ በ3ኛው ምዕራፍ አምላክን የምናመሰግንበት አፍ በእርሱ አምሳል የተፈጠረውን ሰው መርገሙን ሲነቅፍ ስለ ጣቢያ አዛዥ አልጻፈም፤ ከቅዳሴ ስለሚወጡ ሰዎች ነው የጻፈው። እኛ ደግሞ ከገዳም ነበር የምንመለሰው።

ስለዚህ ሦስት ሆነን እኅታችንን አነጋገርናት። መጀመሪያ «ምንም አልሆንኩም» አለች። ደጋግመን ስንጠይቃት እንዲህ አለችን፤ «ደብዳቤ ጻፉም አትጻፉም አልላችሁም። እኔን ያመመኝ ራዲዮው አይደለም። ራዲዮው አያውቀኝም። እናንተ ግን ታውቁኛላችሁ።»

ስለ እገዳ ያለን ክርክር በዚህ አልተፈታም። ከመካከላችን ጣቢያው ራሱ ዘፈኑን ቢተወው እንጂ ባለሥልጣን ባያዝዘው ይሻላል የምንል እንበዛለን፤ ሰብአዊ ክብርን የሚነካ ቃል በሕግ ይከልከል የሚሉትም ሐሳባቸውን አልለወጡም። ደብዳቤው ተረቅቆ በጸሐፊያችን ማኅደር ውስጥ አለ፤ ገና ድምፅ አልሰጠንበትም።

ባለፈው እሑድ ግን የኋላ ወንበር ሰዎች ይቅርታ ልንጠይቅ ወደ አባቷ ቤት ሄድን። ሥራ ላይ አልነበሩም፤ ሰንበት ነውና፤ በደጅ ተቀምጠው የነገ ድራቸውን ይመለከቱ ነበር። የመጣንበትን ጉዳይ ነገርናቸው። ቀና ብለው አዩንና «የትኛው ዘፈን ነው ልጆቼ? ምን ይላል?» አሉን።

በአውቶቡሱ ውስጥ አንዲት ቃል ያላሳትነው ሁላችን፣ አንዳችንም በፊታቸው ልንደግመው አልቻልንም።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።