ለእንጀራው ወይስ ለእርሱ?

ጌታችን መድኃኒታችን ኢየሱስ ክርስቶስ አምስት እንጀራና ሁለት ዓሣ አበርክቶ አምስት ሺህ ወንዶችን ካጠገበ በኋላ፣ ሕዝቡ በማግሥቱ በታንኳ ተሳፍሮ እርሱን ፍለጋ ወደ ቅፍርናሆም እንደ ተሻገረ ወንጌላዊው ዮሐንስ በ6ኛው ምዕራፍ ጽፎልናል። ባሕር ተሻግሮ ጌታን መፈለግ በውጭ ለሚያየው ሰው ትልቅ መንፈሳዊነት ነው። እኛ በቦታው ብንኖር ኖሮ የሕዝቡን ትጋት አመስግነን በተቀበልነው ነበር። ልብንና ኩላሊትን የሚመረምር ጌታ ግን አላመሰገነም፤ ድካማቸው ሁሉ በልተው ስለ ጠገቡበት እንጀራ እንጂ ስለ እርሱ እንዳልነበረ ገልጦ ነገራቸው።

ከዚህ ይልቅ የሚያስደነግጠው በምዕራፉ ፍጻሜ ያለው ነገር ነው። እንጀራውን በበሉ ጊዜ ሊያነግሡት የፈለጉት ሰዎች፣ ሥጋውንና ደሙን ለዓለም ሕይወት እንደሚሰጥ በነገራቸው ጊዜ አጕረመረሙ፤ ከተከተሉትም ብዙዎቹ ነገሩ ከበዳቸውና ወደ ኋላ ተመለሱ። ስጦታውን ወደዱ፣ ሰጪው ራሱን ስጦታ አድርጎ ሲያቀርብ ግን ሸሹ። አንድም፣ እንጀራው ከሰውዬው ምንም ሳይጠይቅ ሆድ ይሞላል፤ ሥጋውና ደሙ ግን የሚቀበለውን ሰው ሁለንተና ይጠይቃሉና ስለዚህ ሸሹ።

ምእመናን ሆይ፣ ይህን ስናነብ የጥንት ሰዎች ታሪክ ነው ብለን እንዳናልፈው በዘመናችን የሚታየውን ነገር እንመልከት። ኅዳር 21 ቀን ወደ አክሱም ጽዮን፣ ታኅሣሥ 19 ቀን ወደ ቁልቢ ገብርኤል የሚጎርፈውን ሕዝብ ያየ ሰው በዚህች አገር ሃይማኖት ቀዝቅዟል ብሎ ለመናገር አይደፍርም። ጃንጥላው፣ ምንጣፉ፣ መጋረጃው፣ ጧፉና ዕጣኑ ብዙ ነው። በባዶ እግሩ ተራራ የሚወጣ፣ ሌሊቱን በብርድ ቆሞ የሚያድር አለ። ይህን የአባቶቻችንን ትሩፋት ልንነቅፍ አልተነሣንም፤ እግዚአብሔርም የድካሙን ዋጋ የሚያስቀር አይደለም።

ጥያቄያችን ሌላ ነው። በስእለቱ መካከል ላይ የተቀመጠው ማን ነው? ቪዛው ቢሰጠኝ፣ ልጄ ፈተናውን ቢያልፍ፣ ጨረታውን ባሸንፍ ይህን ያህል አገባለሁ የሚለው ሰው፣ የለመነው ሲዘገይ ከአንዱ ደብር ወደ ሌላው ደብር፣ ከአንዱ ቅዱስ ወደ ሌላው ቅዱስ ይዞራል፤ ነገሩ ዋጋ እያማረጠ ከሱቅ ወደ ሱቅ የሚሄደውን ገበያተኛ ይመስላል። የለመነውን ያገኘው ደግሞ የተሳለውን አግብቶ፣ ሒሳቡን ዘግቶ ይሄዳል። ሐናን እናስብ። በሴሎ ቤተ መቅደስ አልቅሳ ልጅ ለመነች፣ ስእለትም ተሳለች፤ ነገር ግን ስእለቷ የለመነችው ልጅ ራሱ ነበር። ሳሙኤልን ጡት ካስጣለችው በኋላ አምጥታ ለእግዚአብሔር ሰጠችው። የተቀበለችውን መልሳ ሰጥታ ከሰጪው ጋር ቀረች እንጂ ስጦታውን ይዛ ከሰጪው አልራቀችም።

መለመን ኃጢአት ነው ማለታችን እንዳይመስል። ልጇ የታመመባት እናት ወደ ጠበል ስትሮጥ የሚከለክላት ካህን ቢኖር ክህነቱን አላወቀም። ጌታ ራሱ ባስተማረን ጸሎት የዕለት እንጀራ እንድንለምን አዝዞናል፤ ግን የእንጀራው ልመና የተቀመጠበትን ስፍራ ልብ እንበል። አስቀድሞ የስሙ መቀደስ፣ የመንግሥቱ መምጣት፣ የፈቃዱ መሆን አለ፤ እንጀራው በአራተኛ ደረጃ ይከተላል። በዘመናችን ብዙው ጸሎት ከአራተኛው ጀምሮ እዚያው ያልቃል።

ራስን በመካከል ማቆም በሌላም መንገድ ይታያል። በጥምቀት በዓል ታቦቱ ሲያልፍ ሕዝቡ ይሰግዳል፣ አንዳንዱ ግን ጀርባውን ለታቦቱ ሰጥቶ የገዛ ፊቱን በስልክ ያነሣል። ሥዕሉን ያየ ሰው ሁሉ ማን በፊት ማን በኋላ እንደ ቆመ ያለ ተርጓሚ ይረዳዋል። ሃምሳ አምስት ቀን የሚጾመውንም ዐቢይ ጾም ለሰውነት ጤና ስለሚሰጠው ጥቅም ብቻ የሚያወድሱት አሉ። ጥቅሙ ይኑር፤ ጾሙ ግን ለእርሱ አልተሠራም።

ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። ጃንጥላው ከገባ፣ ቅዳሴው ተቀድሶ የድርገቱ ሰዓት ከደረሰ በኋላ ወደ ሥጋ ወደሙ የሚቀርበው ማን ነው? በብዙ አጥቢያ ሕፃናትና አረጋውያን ናቸው። ቅጥሩ በሰው ሞልቶ ሳለ የጉልማሳው ስፍራ ባዶ ነው። በየሰንበት ትምህርት ቤቱ ያደጉ ወጣቶች ዛሬ ይህን ልማድ መስበር መጀመራቸው ያስደስታል፤ የሚበዛው ሕዝብ ግን ገና ከሩቅ ቆሞ ያያል። ወንዱ በ40፣ ሴቲቱ በ80 ቀን ተጠምቀው ያን ዕለት ሥጋውንና ደሙን የተቀበሉ ክርስቲያኖች፣ አእምሮ አውቀው በራሳቸው እግር መምጣት ሲችሉ ይቀራሉ፤ ጠጉራቸው እስኪሸብት ድረስም ይጠብቃሉ።

ለምን ቢባሉ የሚመልሱት አልበቃሁም ብለው ነው። ይህ መልስ ትሕትና ይመስላል፤ በአንዳንዱ ዘንድ እውነተኛ ትሕትና መሆኑንም አንክድም። ነገር ግን እውነተኛ ትሕትና ወደ ንስሐ አባት ይወስዳል። ሃያ ዓመት ሙሉ አልበቃሁም እያለ አንድ ቀን ለመብቃት ያልተነሣ ሰው፣ ትሕትናውን መሸሸጊያ አድርጎታል። የሚፈራው የምሥጢሩን ክብር ብቻ አይደለም፤ ምሥጢሩ የሚጠይቀውን ነገር ጭምር ነው። ለመቍረብ ከተጣሉት ወንድም ጋር መታረቅ አለ። ያላግባብ የያዙትን ገንዘብ መመለስ አለ። ያለ ሥርዓት የቆየውን ትዳር በሥርዓት ማጽናት፣ በስውር የያዙትንም መተው አለ። ጃንጥላ ግን ይህን አይጠይቅም። የተገዛበት ገንዘብ ከየት እንደ መጣ፣ ያገባው ሰው ከጎረቤቱ ጋር መነጋገር ካቆመ ስንት ዓመት እንደ ሆነው ጃንጥላው አይመረምርም። ስለዚህ ጃንጥላው ይበዛል፣ ቆራቢው ያንሳል።

ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው በመጀመሪያው መልእክቱ ምዕራፍ 11 ላይ ሳይገባው የሚቀበል ዕዳ እንዳለበት አስጠንቅቋል። ብዙ ሰው ይህን ያውቃል፣ እየጠቀሰም ይርቃል። ሐዋርያው ግን ሰው ራሱን መርምሮ ይቅር አላለም፤ መርምሮ ይቅረብ አለ እንጂ። የምርመራው ፍጻሜ ማዕዱ ነው። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅም ወደ ኤፌሶን ሰዎች የተጻፈውን መልእክት ሲተረጕም በ3ኛው ድርሳኑ በዘመኑ የነበሩትን ምእመናን፣ መሥዋዕቱ ዕለት ዕለት ሲቀርብ የሚቀበለው ሰው በመታጣቱ በብርቱ ወቅሷቸዋል፤ ለቍርባኑ ያልበቃ ሰው ለጸሎቱም አልበቃም እስከ ማለት ደርሷል። በማቴዎስ ትርጓሜው በ50ኛው ድርሳን ደግሞ በቤተ መቅደስ ውስጥ ክርስቶስን በሐር አልብሶ በደጅ የታረዘውን ክርስቶስን ማለፍ ከንቱ መሆኑን አስተምሯል። ከአንድ ሺህ ስድስት መቶ ዓመት በፊት የተነገረ ነው፤ ዛሬ ጃንጥላ ተሸክሞ እየተቻኰለ ነዳያኑን ተራምዶ ለሚገባው ሰው አዲስ ነው።

በዚህ ነገር አገልጋዮችም ከወቀሳ አያመልጡም። የስእለት ሰጪው ስምና የገንዘቡ ልክ በድምፅ ማጉያ ሲነገር፣ ስለ ንስሐና ስለ ሥጋ ወደሙ የሚሰበከው ቃል ግን በዓመት ስንት ጊዜ ነው? ስእለት ለካዝና ገቢ አለው፤ ቍርባን የለውም። ይህን መናገር ቢመርም መራራነቱ እውነትነቱን አያስቀረውም። የንስሐ ልጆቹን ቤት ለበዓል ብቻ የሚያውቅ፣ የነፍሳቸውን ነገር ሳይጠይቅ በልቶና መርቆ የሚወጣ አባት ካለ፣ ልጆቹ ከማዕዱ ርቀው መቅረታቸው ከእርሱም ይጠየቃል።

ብዙዎቹ በተመለሱ ጊዜ ጌታ አሥራ ሁለቱን እነርሱም ሊሄዱ ይወዱ እንደ ሆነ ጠየቃቸው። ጴጥሮስ ምሥጢሩ ተገልጦልኛል ብሎ አልመለሰም፤ ከእርሱ ሌላ የሚሄዱበት እንደሌላቸው ነው የተናገረው። ያን ሰዓት ከጌታ የተሰጠው እንጀራ አልነበረም፤ የቀረለት እርሱ ራሱ ብቻ ነበር፣ እርሱም በቃው።

ይህን የምታነብ ጉልማሳ ወይም ወይዘሮ ሆይ፣ የተሳልኸውን ስእለት አታስቀር፤ የተሳልሽውንም አታስቀሪ። ግን በዚህ ሳምንት የንስሐ አባትን ፈልጎ ማግኘት ይቻላል። የተጣሉትን ሰው ስም፣ ያለባቸውን ዕዳ፣ የትዳራቸውን ነገር ሳይሸሽጉ ይንገሯቸው፤ እርሳቸውም እንደ ነፍስ ሐኪምነታቸው ቀኖናውን በዐቅም ይሰጣሉ። ቀኖናው ሲፈጸም ቀኑን አብረው ይወስኑ። በዋዜማው ከምግብ ሁሉ ተለይተው፣ 18 ሰዓት ጾመው፣ ነጭ ለብሰው ከቅዳሴው መጀመሪያ ጀምሮ ይቁሙ፤ ካህኑ ሥጋውን ዲያቆኑ ደሙን ይዘው ሲወጡም በ40 ወይም በ80 ቀናቸው በክርስትና እናትና አባታቸው ክንድ ታቅፈው ወደ ቀረቡበት ስፍራ በእግራቸው ይቅረቡ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።