ስለ መናወጥና ስለ መመለስ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ወደ ንስሐ አባቱ ቀርቦ፣ «አባቴ፣ እኔ ጽናት የሌለኝ ሰው ነኝ፤ ጾሙን ጀምሬ አቋርጣለሁ፤ ስካሩን ትቼ እንደ ገና እገባበታለሁ፤ ደጋግሜ ንስሐ መግባቴ በእግዚአብሔር ላይ መዘበት እንዳይሆንብኝ ብቀር ይሻለኛል» የሚል ምእመን ጥቂት አይደለም። ይህ አነጋገር ትሕትና ይመስላል፤ ውስጡ ሲመረመር ግን ታላቅ ስሕተት ይገኝበታል። ስሕተቱም ጽናትን አለመነቃነቅ ነው ብሎ ማሰብ ነው። ስለዚህ ጽናት ማጣት ምን ማለት እንደ ሆነ፣ አስቀድመን የፍጥረትንና የሰውን ኑሮ የሚመረምሩትን ሊቃውንት፣ ኋላም ቅዱስ ወንጌልን እንጠይቅ። ፍጥረት የእግዚአብሔር ሥራ ናትና፣ ከእርስዋ የሚገኘው እውነተኛ ዕውቀት ከሃይማኖት ጋራ አይጣላም።

የፊዚክስ መምህራን ነገሩን በቀላል ምሳሌ ያስረዳሉ። አንዱን ድቡልቡል ጠጠር በጎድጓዳ ሳሕን ውስጥ፣ ሌላውንም በተደፋ ሳሕን ጀርባ ላይ ቢያስቀምጡ፣ ሁለቱም ጸጥ ብለው ይቀመጣሉ። በጣት ሲነኳቸው ግን የመጀመሪያው ወዲያና ወዲህ ተንከባልሎ ወደ ስፍራው ይመለሳል፤ ሁለተኛው ግን ተንሸራቶ ይወድቃል፣ አይመለስምም። ሁለቱም ተነክተዋል፤ ሁለቱም ተነቃንቀዋል። የለያቸው መነካታቸው ሳይሆን፣ ከተነኩ በኋላ የሚመልሳቸው ነገር መኖሩና አለመኖሩ ነው። እንግዲህ ጽናት የሌለው የሚባለው የተነቃነቀው ሁሉ አይደለም፤ ከተነቃነቀ በኋላ መመለሻ ያጣው ነው።

ይህንኑ በመርከብ እንመልከት። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1628 ዓ. ም. የስዊድን ንጉሥ ያሠራት ቫሳ የምትባል የጦር መርከብ ነበረች። 64 መድፎች ተጭነውባት፣ በብዙ የተቀረጹ ምስሎች ተሸልማ ነበር። ከመሄድዋ አስቀድሞ 30 ሰዎች በላይዋ ከዳር እስከ ዳር እየሮጡ ፈተኗት፤ ሦስት ጊዜ እንደ ሮጡም እንዳትገለበጥ ስለ ተፈራ ሩጫው እንዲቆም ታዘዘ። ሆኖም ጉዞው አልቀረም። ከስቶክሆልም ወደብ ተነሥታ 1300 ሜትር ያህል እንደ ሄደች ነፋስ መታት፤ አዘነበለች፤ የመድፎቹ አፍ በሚወጣባቸው መስኮቶችም ውኃ ገብቶ አሰጠማት። መርከብ ሁሉ በነፋስ ታዘነብላለች፤ ነገር ግን መልካሚቱ መርከብ በሆድዋ የተጫነው ድንጋይ ወደ ታች ስለሚስባት ተመልሳ ትቀናለች። ቫሳ ግን ከላይዋ የከበደች፣ ከታችዋ የቀለለች ነበረች። ነፋሱ ያጠፋት ኃይለኛ ስለ ነበረ አይደለም፤ የሚመልሳት ክብደት ስላልነበራት ነው።

የአየርን ጠባይ የሚመረምሩ ሊቃውንት ደግሞ ሌላ ነገር ይጨምሩልናል። በ1961 ዓ. ም. (እ. ኤ. አ.) ኤድዋርድ ሎሬንዝ የተባለ አሜሪካዊ ሊቅ በኮምፒዩተር ሲያሰላ፣ 0.506127 የሚለውን ቍጥር አሳጥሮ 0.506 ብሎ አስገባ። ልዩነቱ ከሺህ አንድ እንኳ የማይሞላ ነበር። በመጀመሪያ ሁለቱ ስሌቶች አንድ ሆነው ሄዱ፤ ኋላ ግን ያ ጥቂት ልዩነት እያደገ ሄዶ ፈጽሞ ለያያቸው። እንግዲህ መላሽ በሌለበት ስፍራ ትንሽ ነገር ትንሽ ሆኖ አይቀርም።

ስለ ገንዘብና ስለ ንግድ የሚያጠኑትም የሚሉት አላቸው። ሃይማን ሚንስኪ የተባለ አሜሪካዊ የምጣኔ ሀብት ሊቅ (1919–1996 እ. ኤ. አ.)፣ ገበያው ለብዙ ጊዜ ጸጥ ሲል አበዳሪው መጠየቅን፣ ተበዳሪውም መፍራትን እየተወ ስለሚሄድ፣ የሚመጣው ነውጥ በጸጥታው ዘመን ይፀነሳል ብሎ አስተማረ። በ2008 ዓ. ም. (እ. ኤ. አ.) በአሜሪካ የሆነው ለዚህ ምስክር ነው። የቤት ዋጋ ዘወትር ይጨምራል በማለት የተሰጠው ብድር ሳይከፈል ሲቀር ታላላቅ የገንዘብ ድርጅቶች ወደቁ፤ መከራውም ወደ ሌሎች አገሮች ተሻገረ። በዚያ መላሹ ጥንቃቄ ነበር፤ እርሱን ግን ምቾት አስቀድሞ በልቶታል።

የሐኪሞች ምስክርነት ግን ከሁሉ ይልቅ የሚያጽናና ነው። የሰው ሰውነት በሐሩር ያልበዋል፣ በብርድ ይንቀጠቀጣል፤ በዚህም ሙቀቱን ወደ 37 ዲግሪ አካባቢ ይመልሳል። በማሕሌት ሌሊቱን የሚቆመውንም ካህን ተመልከቱ። እንደ ዐምድ የቆመ ይመስላል፤ ነገር ግን ሰውነቱ ያለ ማቋረጥ በጥቂቱ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይወዛወዛል። ዓይኑ፣ በጆሮው ውስጥ ያለው የሚዛን ሕዋስና የእግሩ መርገጫ ማዘንበሉን ሲነግሩት፣ ጡንቻው መልሶ ያቀናዋል። እንግዲህ ለሥጋ መቆም ማለት ሳይታክቱ መመለስ ማለት ነው። አባቶቻችንም የሰውን ድካም ዐውቀው መቋሚያ ሰጡን፤ በመቋሚያ የተደገፈውን ሰው ወደቀ የሚለው የለም።

አሁን ወደ ወንጌል እንመለስ። በዚያች በጸሎተ ሐሙስ ሌሊት ከደቀ መዛሙርቱ ሁለቱ በብርቱ ተናወጡ። ይሁዳ ጌታውን በብር ሸጠ፤ ጴጥሮስም በእሳት ዳር ሆኖ ሦስት ጊዜ አላውቀውም አለ። ሁለቱም አዘኑ፤ ሁለቱም ተጸጸቱ። ይሁዳ ግን ብሩን መለሰ እንጂ ራሱን አልመለሰም፤ ጸጸቱን ብቻውን ተሸክሞ ወደ ገመድ ሄደ። ጴጥሮስ መራራ ልቅሶ አለቀሰ፤ ከወንድሞቹም አልተለየም። ከትንሣኤ በኋላ በጥብርያዶስ ባሕር ዳር ጌታ ሦስት ጊዜ ትወደኛለህን ብሎ ጠየቀው፤ በጎቹንም አደራ ሰጠው። ዐለት የተባለው ሳይነቃነቅ የኖረው አይደለም፤ ተነቃንቆ የተመለሰው ነው።

ነገር ግን ይህን የሰማ ሰው፣ መመለስ ካለ እንግዲያ መውደቅ ምን ይጎዳል አይበል። መልካሚቱም መርከብ ብትሆን ውኃው በመስኮት እስኪገባ ድረስ ካዘነበለች አትመለስም፤ የመመለሻው ወሰን የት እንደ ሆነ ለማየት ማዘንበል ሞኝነት ነው። ስለዚህ ሦስት ነገር እንያዝ። አንደኛ፣ ከታች እንክበድ፤ ሰው የማያየው ጸሎት፣ በስውር የሚሰጥ ምጽዋትና ትሕትና የነፍስ ክብደት ናቸው፤ የሚታየው ክብርና ሹመት ግን ከላይ የሚጫን መድፍ ነው። ሁለተኛ፣ ነገሩ ትንሽ ሳለ ለንስሐ አባታችን እንንገር፤ ዛሬ በአንድ ቃል የሚቀና ነገር ከዓመት በኋላ በብዙ ልቅሶ ላይቀና ይችላልና። ሦስተኛ፣ ቤታችን ጸጥ ባለበት፣ ጤናችን በተሟላበት ወራት ጥንቃቄን አንተው።

አንተም ጽናት የለኝም ብለህ ከደጀ ሰላም የቀረህ ወንድሜ ሆይ፣ አንቺም በዚሁ ምክንያት የራቅሽ እኅቴ ሆይ፣ መናወጣችሁ የጥፋታችሁ ማስረጃ አይደለም። ደጋግሞ መመለስም መዘበት አይደለም፤ መዘበትስ ላለመመለስ ቈርጦ በአፍ ብቻ መማለድ ነው። እሑድ በማለዳ ተነሥታችሁ ኑ። መቋሚያው ከግድግዳው ተደግፎ ይጠብቃችኋል።

የተናወጡትን የሚያጸና፣ የራቁትን የሚቀበል አምላክ ሁላችንን ወደ እርሱ ይመልሰን። አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።